የቀዩ ማሸጊያ ባለቤት

ኢሜልዳ ቢላዋዋን ግድግዳውን በስቶ በሚያልፈው ቧንቧ ዙሪያ በተቀባው ቀይ ማሸጊያ ላይ ሰካችው። እሳት ያግዳል የተባለው ማሸጊያ እንደ ወተት ስልባቦት ተቀደደና፣ ከውስጡ ለብርድ መከላከያ የሚነጠፈው ሮዝ ጥጥ ተዘረገፈ።

«ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?»

«እኔው ነኝ፣ ሰው አነሰኝ» አለ ፎርማኑ ፕሪቸት፣ በየቀዳዳው ጎን የሚለጠፈውን ስቲከር እየዘረጋላት። «ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ስምና የፈቃድ ቁጥር ጻፊበትና ገላግዪኝ፤ ተቆጣጣሪው አሳንሰር ውስጥ ነው።»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ እኮ አቅመ ደካማ አረጋውያን ናቸው የሚተኙት!»

«ቅድስት አትሁኚብኝ! ካልጻፍሽ ነገ ዓይንሽን እንዳላየው።»

እስክሪብቶውን ከእጁ መነጨቀችው። የፈቃዱን ፈተና ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ነበር ያለፈችው፤ የፈቃድ ቁጥሯን እንደ ልጇ የልደት ቀን ታውቀዋለች። ሳትቸኩል ጻፈችና ከቀዳዳው አጠገብ ለጠፈችው። ፕሪቸት «ጎሽ፣ የኔ ጀግና!» ብሎ ተቆጣጣሪውን ሊቀበል ሮጠ።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና ጮክ ብሎ አነበበ።

«የሠራው ሰው፦ ዱዌይን ፕሪቸት። የፈቃድ ቁጥር፦ የለውም።»

ኢሜልዳ ቢላዋዋን በእጀታው በኩል ዘረጋችለት።

«የቀሩትንም ቀዳዳዎች ይሞክሯቸው» አለችው።