ባንድ ዓይን

መዳብ መቅረጽ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። በእኛ ሙያ ጻድቅ ፊት ለፊት ይቀረጻል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ከዳተኛ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። የጌታን የመጨረሻ እራት ያዘዘኝ ሀብታም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

"እኔን በጌታ ቀኝ አስቀምጪኝ፤ ይሁዳን ደግሞ ወንድሜን አስመስዪልኝ" አለኝ። ወንድሙን ከአባታቸው ቤት ያባረረው እሱ ራሱ ነው።

"ጋሼ፣ ሞቼ ነው ቆሜ!"

ይሁዳን ማንንም የማይመስል አድርጌ ቀረጽኩት። ያሠራኝን ሀብታም ግን እንደ ደንቡ ከግርጌ ጥግ ላይ፣ ትንሽ አድርጌ፣ ተንበርክኮ በሁለት ዓይኑ ሲያይ ቀረጽኩት።

የመዳቡን ሰሌዳ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ አተምኩት። ወረቀቱ ላይ ሰውዬው ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። ሰሌዳ ላይ ግራ የነበረው ወረቀት ላይ ቀኝ ይሆናል፣ ይህ ያለ ነው። ሁለት ዓይን አንድ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። ሰሌዳውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሁለቱም ዓይኖች አሉ። ደግሜ አተምኩ። ያው ነው።

ረፋድ ላይ ሀብታሙ መጣ። ወረቀቱን ሲያይ ጠረጴዛዬን በጡጫ መታው።

"ተሳለቅሽብኝ! አሁኑኑ አስተካክዪው!"

"እኔ ሁለት ዓይን ሰጥቼዎታለሁ" አልኩ፣ ከሰሌዳው ቀና ሳልል። "ይኸው፣ ይዳስሱት። አንዲት ጭረት አልጨምርም!"

"እያየሽኝ ንገሪኝ!"

ቀና አልኩ። ደረቱ ወደ እኔ ነው፣ የጫማው ጫፍም ወደ እኔ ነው። ፊቱ ግን የሚታየኝ በጎን ነው። ጠረጴዛውን ዞሬ በወዲያኛው በኩል ቆምኩ። እዚያም ያው ጎን፣ ያው አንድ ዓይን።

"እያየሁዎት ነው፣ ጋሼ" አልኩት። "አንዲት ጭረት አልጨምርም።"