የሠርጉ ዕለት ድምፅ

ድምፅ የሚገዛው በልብ የያዙትን ድምፅ ሰጥቶ ነው፤ የሰጡት ደግሞ ዳግመኛ አይታወስም። ጊታሪስቱ ፍስሐጽዮን በሠርጉ ዕለት ከተዋሰው አሮጌ አምፕሊፋየር የወጣውን ያንን ሞቅ ያለ፣ ሻከር ያለ ቃና ፍለጋ ያልሰጠው የለም። ለአንዱ አምፕሊፋየር የእናቱን ሳቅ፣ ለሌላው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሰጥቷል። ዛሬ የሌላ አሮጌ አምፕሊፋየር ሻጭ፣ «ከሁሉ አብልጠህ የምትወደውን ካልሆነ አልቀበልም» ሲለው ሳያንገራግር ሰጠ።

ቤቱ ገብቶ አምፕሊፋየሩን ሰካና ጊታሩን መታ። ሚስቱ የውብነሽ፣ ልብስ ከምታሰጣበት እጇ እንደረጠበ ሮጣ ገባች።

«ፍስሐ! አገኘኸው! የሠርጋችን ድምፅ እኮ ነው!» እንባዋ ቀደማት።

ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት አዳመጠና አምፕሊፋየሩን ነቀለው።

«አይ የውቤ፣ ይሄ አይደለም» አላት። «ያኛው ቢሆን ኖሮ ሆዴ ይባባ ነበር።»