ሐሙስ ጠዋት የሚመጣው ፖስታ

ገነነ የዋጋ ማቅረቢያውን ያመጣው እንደ ልማዱ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ጨረታው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ፖስታውን ለውኃ ድርጅቱ የግዢ ኃላፊ ለወይዘሮ አገርነሽ ሰጠና ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆመ። ፖስታው ተከፈተ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሁለተኛው የሚያንሰው በሃምሳ ብር ብቻ ነው።

ይህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ሁለተኛ የወጣው ወልደ ሚካኤል እዚያው ማንጎው ሥር ነበር። እሱም እንደ ገነነ ሲቀላ ገበያ ላይ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

"ስማ ገነነ፣ ኮምፒውተሩ ቤትህ ነው እንዴ የሚያድረው?"

"እኔ የጽሕፈት መኪና እንኳ ነክቼ አላውቅም" አለ ገነነ። "ጌታ ሲባርክ ምን ላድርግ?"

"እኔንስ በሃምሳ ብር ብቻ እየረገመኝ ነው?"

አብረዋቸው የቆሙት ሳቁ። ወልደ ሚካኤል ግን አልሳቀም።

የውኃ ድርጅቱ አርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ግዢውን በኮምፒውተር ማካሄድ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። ቀደም ሲል ፖስታዎቹ እንደታሸጉ ሳጥን ውስጥ ይቆዩና በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ ይከፈቱ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ በመጣበት ቀን ይከፈታል። አገርነሽ ቁጥሩን ታነባለች፤ ወጣቱ ጸሐፊ ዕዝራ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ሦስት ወር ይፈጅ የነበረው ግዢ በሦስት ሳምንት ማለቅ ጀመረ። አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤትም ቅርንጫፉን አመስግኖ ጻፈ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግን ምስጋና አልነበረም። ነጋዴዎቹ ጨረታው ያለቀለት ነው ብለው እየሸሹ እንደሆነ ተሰምቷል ይላል። ምስጢሩ የሚወጣበት ቀዳዳ እስከሚቀጥለው ጨረታ ካልተዘጋ ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ላለው መንደር የታሰበው የቧንቧ ሥራ ይሰረዛል። መንደሩ የሚጠጣው የወንዙን ውኃ ነው። ባለፈው ክረምት ብቻ አራት ሕፃናት ቀብሯል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጋሻዬ አገርነሽንና ዕዝራን ጠራቸው።

"የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል?"

"ዕዝራና እኔ ብቻ" አለች አገርነሽ።

አቶ ጋሻዬ ወደ ዕዝራ ዞረ። "ሲቀላ ከገነነ ጋር ምሳ ስትበላ ታይተሃል።"

"ጋሼ፣ ሲቀላ ምሳ የበላ ሁሉ ሌባ ከሆነ ከተማው በሙሉ መታሰር አለበት።"

"ማን ከፈለ?"

ዕዝራ መሬት መሬት አየ። "እሱ። እምቢ ብለውም አልሰማኝ።"

"አዲሱንስ ብስክሌት?"

"ወንድሜ ነው የላከልኝ።"

"እኔም ልጠየቅ እንጂ!" አለች አገርነሽ። "እሱ የሚያውቀውን ሁሉ እኔም አውቃለሁ።"

"አንቺማ!" አለ አቶ ጋሻዬ። "በአሥራ አንድ ዓመት አንድ እርሳስ እንኳ ወደ ቤትሽ አልወሰድሽም። አንቺን ከጠረጠርኩማ ቢሮውን መዝጋት ነው።"

"ለሰው ትንፍሽ አላልኩም" አለች። "ጌታ ያውቃል።"

ዕዝራ ሰኞ ዕለት ከሥራ ተሰናበተ። ቁልፉን ሲያስረክብ አገርነሽ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"እትዬ፣ እርስዎም አመኑ?"

"አላመንኩም ልጄ። ግን ሌላ ማን አለ?"

ዕዝራ ከመሄዱ በፊት አጠገቧ ተቀምጦ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ አሳያት። "ዜሮ እንዳይጨምሩ" አላት። "አንድ ዜሮ ሁሉንም ያበላሻል።" ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ የሴቻ ሰፈርን ቁልቁለት ወረደ። አልተሳፈረበትም።

የኩልፎው ጨረታ ወጣ። ወልደ ሚካኤል ተለምኖ ገባ። ሌሎች ሁለት ነጋዴዎችም ዕዝራ መባረሩን ሰምተው ተመለሱ። አቶ ጋሻዬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

"ቀዳዳው ተዘጋ" አለ።

አገርነሽ ዋጋዎቹን በአንድ ጣቷ እየፈለገች ለብቻዋ አስገባች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ አመሳከረች። ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። መንገድ ላይ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ልክነሽ "ዝቅተኛው ስንት ሆነ?" ብትላት "ይህ አይጠየቅም!" ብላ ተቆጣቻት።

ከሥራ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያኗ ወደሚደረገው የረቡዕ ጸሎት ሄደች። አዳራሹ ሞልቷል። ሁሉም በየራሱ ጮክ ብሎ ይጸልያል። ቦታዋ ላይ ተንበረከከች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጌታ ሆይ፣ ዕዝራን አስበው፤ ልጅ ነው። የኩልፎ ማዶ ሕፃናትንም አስብ። ያን ማሽን እፈራዋለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው ቁጥሩን በፊትህ አቀርባለሁ። ዝቅተኛው የወልደ ሚካኤል ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር። ዜሮ ጨምሬ እንደሆነ ግለጥልኝ።"

"አሜን፣ እህቴ" አለ አጠገቧ የተንበረከከው ገነነ።