የወይዘሮ ይመናሹ አውራ ዶሮ

ጡረተኛው ዳኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌባ ሲቀጡ ኖረው በስተርጅና ራሳቸው ሌባ ሆኑ። የሰረቁት የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ይመናሹን አውራ ዶሮ ነው።

ዶሮው እንደ ባልንጀሮቹ ንጋትን አብሥሮ ዝም አይልም። ቀኑን ሙሉ የዳኛው መስኮት ሥር ቆሞ ይጮኻል፤ ጋዜጣ ሲያነቡ ይጮኻል፣ ሲጸልዩም ይጮኻል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ገና ሸለብ ሲያደርጋቸው ጮኸባቸው። ብድግ አሉና ጆንያ ውስጥ ከተው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ዘመዳቸው ወስደው ሰጡት።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። የዳኛው ሕሊና ግን ከዶሮው ብሶ ይጮኽባቸው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ሄደው አመጡትና በአጥር አሾልከው ለቀቁት። ይህን ሲያደርጉ ወይዘሮ ይመናሹ አይተዋቸው ኖሮ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ።

«ጌታዬ፣» አለ ወጣቱ መርማሪ ዓይናቸውን ማየት አፍሮ፣ «እርስዎን የመሰለ ሰው ለስርቆት ምን አነሳሳው? ችግር ነው? ወይስ መጥፎ ጓደኛ?»

«ጩኸት ነው ልጄ» አሉ ዳኛው። «ጥፋቴን አምናለሁ። ግን እኮ መልሼዋለሁ!»

ወይዘሮ ይመናሹ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የከሰስኩዎትስ በእሱ አይደል እንዴ! የአማቴ ስጦታ ነው፤ አላርደው፣ አልሸጠው። ሌባ በወሰደልኝ ብዬ ተስዬ፣ ስለቴ ሰምሮ ዣንጥላ ካስገባሁ በኋላ፣ በየትኛው ሕግ ነው የሚመልሱብኝ?»