ስድስት ዙር

አይናለም አምስተኛውን ዙር ስትጀምር መምህር ሰማኸኝ የፊሽካውን ገመድ ጣቱ ላይ ይጠመጥም ነበር። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ አርፍዶ የመጣን ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ስድስት ዙር ማስሮጥ ልማዱ ነበር። ዛሬም ልጅቷ በሩን ገፍታ ስትገባ፣ አፏን ሳትከፍት «ስድስት!» ብሎ ወደ ሜዳው ጠቆማት። እሱ ራሱ ከደወሉ በኋላ በባጃጅ መድረሱን ከጥበቃው በቀር ያየ አልነበረም።

አሁን ግን ዓይኑ ቀሚሷ ላይ ቀረ። እስከ ወገቧ ርሶ፣ በሮጠች ቁጥር እግሯ ላይ እየተጠመጠመ ያደናቅፋት ነበር። በአንድ እጇ በፌስታል የጠቀለለችውን ደብተር አናቷ ላይ ይዛለች። ቅድም የምታሾፍበት መስሎት «እጅሽን አውርጂ!» ብሎ ጮሆባት ነበር። እንደ እሷ ከቁሐር ሚካኤል መንደር የሚመጡ ልጆች የክረምቱ ጎርፍ ከሩዝ ማሳው እስኪሸሽ ድረስ ደብተራቸውን አናታቸው ላይ ይዘው ውሃውን እንደሚሻገሩ ትዝ ያለው ገና አሁን ነው። «በቃ፣ ተይው» ሊላት ፈለገ። ተራቸውን የሚጠብቁት ተማሪዎች ያዩታል፤ በእነሱ ፊት ቃሉን ማጠፍ አሳፈረው። ስድስተኛውንም ጨረሰች።

ፊቱ መጥታ ቆመች። ደብተሩን አውርዳ ፌስታሉን ዳበሰችው፤ ውሃ አልነካውም። ከዚያ እያለከለከች ቀና አለች።

«ቲቸር፣ የሩጫ ፈተናው ዛሬ ነው ብለውን አልነበር? አሁን ልሩጥ?»

ሰማኸኝ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ። የሚነፋበት ትንፋሽ ግን አጣ።