ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ብርጭቆ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ኦስማኒ ከማሽኑ አናት ላይ በውሃ የተሞላውን ብርጭቆ አንስቶ ለኤኔይዳ አቀበላት። ከዓመታት በፊት ባሏ ኤቬልዮ ከሞተ ወዲህ፣ እንደ ሃቫና ሰፈርተኞቿ ሁሉ፣ ለነፍሱ ውሃ ታስቀምጥለታለች፤ ቦታ የመረጠችለት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፊቱ ተጎልቶ ከኖረው ኮምፒውተር ላይ ነው።

«አዲስ ግዢ እንዳትለኝ፣ ጠግንልኝ» አለችው። «ሲዘፍን የቀዳው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የፍየል ድምፅ ቢሆንም የሱ ነው።»

«እትዬ፣ አባቴ እኮ የአያቱን መኪና በሽቦ አስሮ ነው የሚነዳው፤ እኛ ቤት የማይጠገን ነገር የለም!» ብሎ እየሳቀ ሽፋኑን ፈታው። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ውስጡ ዝጎ ኖሮ፣ በጣቱ ሲነካው ተፈረፈረ።

«ከባሕሩ የሚመጣው ጨው ይሆን?» አለች ኤኔይዳ።

«ጨው ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ውሃ ነው፤ ያውም ለዓመታት ጠብ ጠብ ያለ። ሃርድ ዲስኩም አልተረፈም። አዲስ ይግዙ እትዬ፤ ይሄንን የሚያስነሳው የለም። ጣሪያዎ ያፈሳል እንዴ?»

ኤኔይዳ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ዐይኗ እጇ ላይ ወዳለው ብርጭቆ ወረደ። ውሃውን በቀየረች ቁጥር ብርጭቆውን እስከ አፉ ጢም አድርጋ ነበር የምትሞላው፣ እንዳይጠማው ብላ።

«አዎ፣ ያፈሳል» አለች።

ኦስማኒ ሽፋኑን ገጥሞ እጁን ዘረጋ። «ብርጭቆውን ያምጡት፣ ቦታው ልመልስልዎት።»

አልሰጠችውም። ቤቱን ዞር ዞር ብላ ብታይ የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። በዞረች ቁጥር ውሃው በጣቶቿ መሃል ጠብ ጠብ ይል ጀመር።