የመጪው ጁምዓ ፋይል

ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ አበሻ ሲሞት ቀብሩን ቀርጬ አገር ቤት ላለች እናቱ የምልከው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ማክ ኮምፒውተሬ ላይ የቪዲዮውን ፕሮግራም አፕዴት ባደርገው ባለፈው ሳምንት የቀረጽኩት የአብዱልረሕማን ቀብር ጠፋብኝ። ከባክአፑ መለስኩት። ፋይሉ ላይ ያለው ቀን ግን የመጪው ጁምዓ ነው። «ደግሞ ቀኑንም አበላሸው!» ብዬ እየተራገምኩ ከፈትኩት።

ደባሎቼ ጀናዛ ተሸክመዋል። እኔ አልታይም፤ ቪዲዮ ቀራጭ መቼም አይታይም። ደባሌ ጀሚም የለም። መጨረሻ ላይ ከካሜራው ኋላ የጀሚ ድምፅ፣ «እማማ ዘነቡ፣ አብሽሩ፤ በወጉ ቀብረነዋል» አለ።

ዘነቡ የእኔ እናት ናት።

በሩ ተንኳኳ። ካሜራ ነክቶ የማያውቀው ጀሚ ነው።

«ሐቢብ፣ እስቲ ቀረጻ አስተምረኝ። ወላሂ፣ ዛሬ ዝም ብሎ ልማር ልማር አለኝ።»